ያልቀረችው ተማሪ

ሰው ቀረ ሲባል የሚያመው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ፍኖተ ሰላም በማስተምርበት ካምፓስ፣ ለብዝኃነት፣ ለፍትሐዊነትና ለቤተኝነት ተብሎ የመጣውን ድጋፍና የተማሪዎቹን ሥልጠና የሚያስተባብረው ባልደረባዬ ነው።

አፏን በአገውኛ የፈታች አንዲት ተማሪ ነበረችን። ወንበሯ ባዶ ሲሆን፣ "በጽዋ ማኅበራችን የቀረ ሰው ድርሻ ይቀመጥለት የለ?" አለና በየሥልጠናው ዳቦና ውሃ ወንበሯ ላይ ያኖርላት ጀመር። ስሟ ሲጠራም ከእኛ ከመምህራኑ አንዱ "አቤት" ይልላታል፤ ይፈርምላታልም። ይሄ ቤተኝነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዳቦው ሁልጊዜ ያልቃል፤ ማን እንደሚበላው ግን ጠይቀን አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሥልጠና ላይ ሳለን አባቷ ከቡሬ ገጠር መጡ።

"ልጄ ከመስከረም ጀምሮ እኔው ዘንድ ናት። የሚያናግረኝ ሰው የለም ብላ ነው የመጣች። ከማደሪያዋ ብርድ ልብሷን ልውሰድላት" አሉ።

አስተባባሪው የደነገጠ መሰላችሁ? የፊርማውን ወረቀት ዘረጋላቸው። "ተሳስተዋል አባቴ፤ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ይኸው ይስሟት!" ብሎ ስሟን ጠራ።

"አቤት" አለ አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ።

አባቷ ክው አሉ። "የልጄ ድምፅ ነው" አሉ።

የወጣው ግን ከእኔ፣ ከድምፀ ጎርናናው መምህር አፍ ነበር።