ፍርሃት ያስቆረባት ቦሰና

ባሏ እንዳይሄድባት ፈርታ በገዛ እጇ የምታባርር ሴት የሌለችበት ደብር የለም። አንኮበርም ከማን አንሼ ብላ ቦሰናን አፍርታለች። ተክለጊዮርጊስ ሲያገባት ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። ቢነግሩትም አይሰማም ነበር፤ የወደደ ሰው ጆሮው ለጌጥ ነው።

ተክለጊዮርጊስ ነጋዴ ነው። አህዮቹን ገብስ ጭኖ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወርድና ጨውና ጥጥ ይዞ ይመለሳል። ሌላዋ ሚስት ባሏን በስንቅ ትሸኛለች። እሜቴ ቦሰና የምትሸኘው በክስ ነበር። ሊነሳ ሲል የጭነቱን ጠፍር ትደብቅና "አትሂድብኝ፣ ሞቼ ነው የምታገኘኝ" ትላለች። እሺ ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ "ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? ሂድልኝ!" ትላለች። በማለዳ "እንዳንተ ያለ ሰው እግዜር አልፈጠረም" ያለችው ሴት፣ ምሳ ቀርቦ ሳይነሳ "እንዳንተ ያለ አረመኔ ምድር አላበቀለችም" ትለዋለች። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋ ሲያስብ ወጡ ይቀዘቅዝበታል።

አንድ ጊዜ ዝናብ መንገድ ዘግቶበት ቆላ አድሮ ቢመጣ፣ ሌላ ሴት ይዟል ብላ አዲሱን ጋቢውን እሳት ውስጥ ወረወረችው። ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው ራሷ ነበረች። ጋቢው ነዶ ሲያልቅ አመዱ አጠገብ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች።

"ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምሆነው?" አለችው።

ደብተራው ዛር ነው ብሏል፣ እናቱ ቡዳ፣ ጎረቤት ደግሞ ጥጋብ። ጠበል ተጠመቀች፤ ክታብ አሰረች፤ አልሆነም። ተቆጥታ አባቷ ቤት በገባች ቁጥር ሽማግሌ ይልካል። የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ወርቅአገኘሁ "ልጄ፣ እኔ የራሴን ሚስት ለማምጣት እንኳ ይህን ያህል አልተመላለስኩም" አሉት።

በመጨረሻ እሜቴ መላ አገኘች። "እንቁረብ" አለች። በሰማንያ የተጋባ ይፋታል፤ የቆረበን ግን የሚለየው ሞት ብቻ ነው። የነፍስ አባቷ አባ ወልደተንሣኤ ደነገጡ።

"ልጄ፣ ይህ እኮ ጥርሱ ያለቀ ሰው የሚገባበት ነው። እናንተ ገና ልጆች ናችሁ፤ ኋላ ቢመራችሁ መውጫ የለውም።"

"እኔም የምፈልገው መውጫ የሌለውን ነው፣ አባቴ" አለች።

ተክለጊዮርጊስ ዘመዶቹ ተው ሲሉት ቆረበ፤ ታርፍ እንደሆነ ብሎ ነው። እውነትም ያረፈች መሰለች። ወደ ገበያ ሲነሳ ጠፍሩን ራሷ አቀበለችው፤ ክፉ ቃልም አልወጣትም። "እግዜር ሰማኝ" አለና እያንጎራጎረ ቁልቁለቱን ወረደ።

ሲመለስ ከቀጠሮው ዘግይቶ ነበር። ስድቡን ሁሉ ጠብቆ፣ መልሱን አቀበቱን ሙሉ ሲያጠና መጣ። ቦሰና ምድጃው ዳር ተቀምጣለች። ቀና ብላም አላየችውም።

"ዘገየሁብሽ" አለ።

"ምን ቸገረኝ። የት ትሄዳለህ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ድሮ አባርሬህ ስትመለስ፣ ይወደኛል ማለት ነው እል ነበር። ለአንድ ቀንም ቢሆን አምን ነበር። አሁን ወደህ ትምጣ፣ ታስረህ ትምጣ፣ በምን አውቃለሁ? ራሴ አሰርኩህ፤ መውጫውንም ራሴ ዘጋሁት።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ወድጄ ነው ሊላት አፉን ከፈተ። ቃሉ ሳይወጣ እንደማታምነው አወቀ። የቆረበ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ለዓመታት ዝም እንድትልለት ስለት ሲሳል የኖረ ሰው፣ ሚስቱ ዝም ስትል ማየት አቃተው። ያቺ ጠዋት አንግሣው ማታ የምታወርደው ሴት ናፈቀችው፤ በጣም ናፈቀችው። አህዮቹን ሳያራግፍ አጠገቧ ተንበረከከ።

"ቦስዬ፣ በእግዜር ተቆጪኝ" አላት። "ሂድልኝ በይኝና ሄጄ ልመለስልሽ።"

ቦሰና እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር። አልተቆጣችም።