ፀሐይ እንዳትነካት የተሸፈነችው የፀሐይ መርከብ

ከሁሉ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤታችን ምስጋና ይድረሰው። ነዳጅ ሳይነካት በፀሐይ ብርሃን ብቻ የምትበር አየር መርከብ የሠራ መሥሪያ ቤት በአካባቢው የለም። ሠርቶ ሲያበቃ ደግሞ እንዳትበር ያለ የሌለ ጥረቱን ያደረገ፣ ከእኛ በቀር በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላምንም። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዡ ነኝ፤ የምናገረው ሁሉ በፊርማ የተረጋገጠ ነው።

መርከቧን የነደፈችው አንዲት መሐንዲስ ናት። ታላቅ እህቷ ከገደሉ ማዶ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነች። ናዳ መንገዱን ከቆረጠው ወዲህ ወደዚያ መኪና አያልፍም፤ የነርሷ የመድኃኒት ቁም ሣጥንም ሊራቆት ጥቂት ቀርቶታል። መሐንዲሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ የለፋችው አሥራ ሁለት ካርቶን መድኃኒት ለእህቷ ለማድረስ ነው። በጋዝ የተነፋ ትልቅ ፊኛ፣ ከሥሩ ቅርጫት የምታክል ክፍል፣ ከላዩ ሶላር፤ አብራሪዋ ራሷ መሐንዲሷ ናት፣ መርከቧም በራሷ እንድትከተለው መንገዱን አስቀድማ በማሽን አስይዛታለች። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ለመሥሪያ ቤት ክብር እንደማይመጥን ለአስተዋይ ሰው መንገር አያሻም።

እኛ ዘንድ አንድ የተከበረ ደንብ አለ። ማንኛውም ንድፍ ዋና ኃላፊውን ጨምሮ በስድስቱ ኃላፊዎች ይፈረማል፤ የሚፈርም ሁሉ ደግሞ ቢያንስ አንድ ነገር ያስጨምራል። ምንም ሳያስጨምር የፈረመ፣ ሳያነብ እንደፈረመ ይቆጠራል።

"ፀሐይ ድንገት ብትቋረጥስ?" አሉ የደኅንነት ክፍሉ። ጄኔሬተር ተጨመረ። "የበላይ አካል ቆሞ ሊጓዝ ነው?" አሉ የፕሮቶኮል ክፍሉ። የቆዳ ሶፋ ተጨመረ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋም አንድ የብረት ካቢኔት አስገቡ፤ ባዶ ቢሆንም ቁልፉ ሁለት ነው።

"ጌታዬ፣ ይሄ ሁሉ ተጭኖባት አትነሳም እኮ!" አለች መሐንዲሷ።

"አይዞሽ ልጄ፣" አሉ ዋና ኃላፊው ባባትነት። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።"

"እዚህ ግን ሃምሳው ሰው ሎሚውን አንዷ ላይ ነው የጫነው።"

ይህ ንግግር ከአጀንዳ ውጪ ስለነበር አልመዘገብኩትም።

የንብረት ክፍል ኃላፊውን ግን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው አንዲት ወንበር እንኳ ፀሐይ ያላስነኩ ሰው ናቸው። ሶላሩ በተገጠመ ዕለት ወፍራም ሸራ አሰፍተው ከዳር እስከ ዳር አለበሱት።

"ጋሼ፣ በናትዎ ሸራውን ያንሱልኝ! ፀሐይ እንዲያገኘው እኮ ነው የተሠራው።"

"ፀሐይ ምን እንደምታደርግ እኔን ጠይቂኝ። የአዳራሹን መጋረጃ አላየሽም? ሐምራዊ ነበር!"

"ብርሃን ካላገኘ አይሠራም!"

"ይቆይልን ነው የምልሽ፣ ልጄ። ዕቃ የሚያልቀው ሲሠራ ነው።"

ይህን አባባል በትልቁ አጽፈን ኮሪደሩ ላይ ሰቅለነዋል።

የምረቃው ቀን ስድስቱ ኃላፊዎች ከነሙሉ ልብሳቸው ተሳፈሩ። ንግግር ተደረገ፤ ገመድ ተፈታ፤ መርከቧ ንቅንቅ አላለችም። ክብደት ይቀነስ ተባለ። ጄኔሬተሩ በአስተያየት የገባ ነው፣ አይነካም። ካቢኔቱም እንደዚያው። ሶፋው ላይ ሰው አለበት። በማንም አስተያየት ያልገባው መድኃኒቱ ብቻ ሆኖ ስለተገኘ አሥራ ሁለቱ ካርቶን ወረደ። አሁንም እምቢ አለች።

"አንቺስ በማን አስተያየት ነው የገባሽው?" አሉ ዋና ኃላፊው።

"ጌታዬ፣ እኔ አብራሪዋ ነኝ!"

"መንገዱን አስይዤላታለሁ፣ በራሷ ትሄዳለች ብለሽ የለም? ውረጂ እንጂ!"

ወረደች። መርከቧም እያቃሰተች ተነሳች። ትንሽ ከፍ እንዳለች ነፋስ ሸራውን ገፎ ወሰደው፤ የንብረት ክፍሉ "ሸራዬን! ሸራዬን ያዙልኝ!" እያሉ ሲጮኹ ሶላሩ ብርሃን አገኘ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ መርከቧም ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ማዶ አቀናች። መሐንዲሷ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሁለት ዓመት ልፋቷ በረረ፤ እንደተመኘችው አድርጎ በረረ። እውነቱን ለመናገር መሀረቤን አውጥቼ ሰጠኋት፤ ይህም በቃለ ጉባኤው የለም።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ደወለች። "እሰይ የኔ እህት፣ መርከብሽ ደርሳለች! ግን ስድስት ሰው ነው የወረደው። ሁሉንም ያስመልሳቸዋል፤ የአንዳቸው እግር ወልቋል፣ ፊኛውም እሾህ ላይ አርፎ ተቀዷል። መድኃኒቱን የት አደረግሽው?"

"ሜዳ ላይ ነው፣ እቴ። እኔም ሜዳ ላይ ነኝ።"

እንባዋን ጠረገችና ከአንድ አሸዋ ነጋዴ ሦስት በቅሎ ለመነች። እኔም መዝገቤን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። በእግር መንገዱ በሦስተኛው ቀን ደረስን። በቅሎ ሣር ትበላለች፣ ሣርን ፀሐይ ታበቅለዋለች፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በታዳሽ ኃይል ደረሰ ብዬ ብመዘግብ አልዋሸሁም።

መድኃኒቱን ቀድመው የወሰዱት ስድስቱ ኃላፊዎች ናቸው። እንደተሻላቸውም እዚያው ታማሚ አልጋ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጡ። በቅሎዎቹ በቋሚነት የመሥሪያ ቤቱ መጓጓዣ እንዲሆኑ፣ አሠራራቸውም በደንቡ መሠረት አስተያየት እንዲሰጥበት ተወሰነ። የፕሮቶኮል ክፍሉ ኮርቻ ላይ የሚሆን ሶፋ ጠየቁ። የንብረት ክፍሉ በፋሻ የታሰረ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ መስኮቱ ሄዱ። በቅሎዎቹ ግቢው ውስጥ ሣር ይግጣሉ።

"ጥርሳቸው እያለቀ ነው፣" አሉ ከልባቸው አዝነው። "አፋቸው በሸራ ይሸፈን።"

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ካርቶን ስትፈታ የነበረችው ነርስ ቀና አለች።

"የሚቀጥለው መድኃኒት መቼ ይመጣልናል?"

"ሸራው ተሰፍቶ እንዳለቀ፣" አሏት ዋና ኃላፊው።