የጎደለችው አንዲት ላይብረሪ

በየቤተሰቡ ሳይጠሩት መጥቶ ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ያልተበላሸ ዕቃ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።

የአንዲት ልብስ ሰፊ ዕጣ ሆኖ ይህ ሰው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ሰፈሩ “ሊቁ” ይለዋል፤ እሱም ማዕረጉን በትሕትና ተቀብሏል። ባሏ በሞተ በወሩ መጣና የሟቹን ኮምፒዩተር ከፍቶ፣ የድሮውን ሲስተም አጥፍቶ፣ ሌላ ጫነበት።

“ቫይረስ በልቶት ነበር፣ እትዬ። አሁን ሙሽራ መስሎልሻል።”

ሙሽራው ግን ቤቱን አላውቅም አለ። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የሣላቸው የልብስ ንድፎች አልጠፉም፤ የሚከፍታቸው ፕሮግራም ግን የተሠራው ለድሮው ሲስተም ነው። በአዲሱ ላይ ሲያስነሡት የሚደገፍባቸው ፋይሎች፣ ሊቁ “ላይብረሪ” የሚላቸው፣ የሉም ብሎ ይዘጋል። ንድፎቹ ሌላ ቅጂ የላቸውም። የሰውየው የእጅ ሥራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

“አንዲት ላይብረሪ ብቻ ናት የጎደለችው፣ እትዬ።”

አንዲቷ ስትገኝ እህቷን ትጠራለች፤ እህቷ አክስቷን፤ አክስቲቱ ደግሞ ካኮረፈቻት ዘመድ ጋር አንድ ቤት አላድርም ትላለች።

“ይኼ ፕሮግራም ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ?” አለች ሰፊዋ።

ሊቁ አልሣቀም። በሳይንስ አይሣቅም።

“የድሮውን ብትመልስልኝስ?”

“ወደ ኋላ? ኧረ እትዬ፣ ሰው ምን ይለናል!”

እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። በየምሽቱ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፤ በወንድሙ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ትሰፋለች። ብዙም አያወሩም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንዳንድ ቀን የኮምፒዩተሩን ገመድ በመቀሷ ብትቆርጠው ደስ ባላት።

አንድ ምሽት ፕሮግራሙ ተከፈተ። ፊደሎቹ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነዋል፤ ንድፉ ግን አለ። ያላለቀ የሴት ካፖርት ነው፤ ግራ ትከሻው ከቀኙ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተሥሏል። የሰፊዋ ግራ ትከሻ ዝቅ እንደሚል ከባሏ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሊቁ አሁን ይፎክራል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ የስልኩን ቻርጀር ጠቀለለ፤ ቦርሳውን አነገተ።

“እንግዲህ ጨረስኩ፣ እትዬ። ከዚህ በኋላ አላስቸግርሽም።”

በሩ ጋ ሲደርስ ባዶ የቀረውን ወንበር አየች።

“ቆይ እስቲ አንተ፤ ፕሪንተሩ እኮ እምቢ ብሏል።”

ፕሪንተሩን ገና አልሞከረችውም ነበር። ሊቁ ቦርሳውን አወረደ።