ዶሪስ በላች?

አገር የሚያስፈራ ሰው ሁሉ፣ እሱን የሚያስፈራ አንድ ትንሽ ነገር አለው። በየሰፈሩ ብትፈልጉ አንዱን አታጡም። ግንድ የሚሸከመው መርፌ ሲያይ ዝልፍልፍ ይላል፣ በሬ የሚጥለው ሕፃን ታቀፍ ሲሉት ላብ ያጠምቀዋል። ከዚህ ዓይነቱ ሰው ለእኛ ከተማ፣ ለአውስትራሊያዋ ፖርት ኦጋስታ የደረሱት፣ ከእኔ አጥር ወዲያ የሚኖሩት ክቡር ፊታውራሪ መርቪን ትሬጌንዛ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሦስት ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ይዘው በረሃውን እየሰነጠቁ ዳርዊን ድረስ ሠላሳ ዓመት የተመላለሱ ሰው ከዚህ ያነሰ አይገባቸውም።

በሹፍርና ዘመናቸው ከአፋቸው የማትጠፋ ቃል ነበረቻቸው፤ «ችግር የለም።» ጎማ በረሃ መሀል ሲፈነዳ፣ «ችግር የለም።» ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ሲያስቀራቸው ስልክ ደውለው «ችግር የለም፤ የጫንኩት ቢራ ነው» አሉ። አንድ ቀን ካንጋሮ በመስታወቱ ጥሶ ገብቶ አጠገባቸው ቢቀመጥ፣ «ችግር የለም» ብለው እስከሚቀጥለው ማደያ አደረሱት ይባላል። ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

ጡረታ ሲወጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በዓይናቸው መሸኘት ሆነ ሥራቸው። አዴላይድ የምታስተምረው ልጃቸው ኬሪን ይህን አይታ ሆዷ አልቻለም። ለልደታቸው የመስታወት ሳጥን ይዛ መጣች፤ ሳጥኑ ውስጥ ከጣት የማትበልጥ ጺማም እንሽላሊት አለች። «አባዬ፣ የምትንከባከበው ነገር ያስፈልግሃል» አለቻቸው። ስሟ ዶሪስ ተባለ። በዚህ ዕድሜዋ ሴት ትሁን ወንድ ሐኪምም አይለየውም፤ ፊታውራሪ ዶሪስ ካሉ ግን ዶሪስ ናት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ችግር የለም» ከዚያ ቤት ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

ኬሪን ከሄደች ገና አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ «ግሌኒስ! ድረሽልኝ! ችግር አለ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ የአትክልት ማጠጫ ጎማዬን እየጎተትኩ ደረስኩ። ፊታውራሪ ሳጥኑ ፊት ተንበርክከዋል።

«አፏን ከፈተች» አሉኝ።

«ታዲያስ?»

«ዘጋችው።»

የሚያውቁ ሰዎች የሕፃን እንሽላሊት ቀለብ ቀላል ነው ይላሉ። በቀን ሁለት ሦስቴ ትናንሽ ፌንጣ፣ ፌንጣው ላይ ነስነስ የሚደረግ የካልሲየም ዱቄት፣ በጎን ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ቅጠል። ፌንጣው ብቻ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ቦታ እንዳይበልጥ፤ ያለዚያ ያንቃታል። ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ለፊታውራሪ መንገር አልነበረባቸውም። ድሮ የፍሬን ሸራ ውፍረት የሚለኩበትን የብረት መለኪያ ከጋራዥ አወጡ። ክንዳቸው የእኔን ጭን የሚያህል ሰው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ፌንጣ በወረንጦ ይዘው መለካት ጀመሩ። «ይሄ ወፍራም ነው፣ ይሄ እግሩ ረጅም ነው» እያሉ ይመልሳሉ። አብዛኛው የተመለሰ ፌንጣ ወደ ዕቃው ሳይገባ ያመልጣል። ዛሬ ከማቀዝቀዣቸው ጀርባ አንድ ሙሉ መንደር ተቆርቁሮ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዘፍናል።

ዱቄቱንማ አታንሱብኝ። ፌንጣውን ከዱቄቱ ጋር ኩባያ ውስጥ አድርጎ መነቅነቅ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ፊታውራሪን ከምግብ ሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ሳገኛቸው ግን ቅንድባቸው ነጭ፣ ሸሚዛቸው ነጭ፣ ጆሯቸው ነጭ ነው። ዱቄት ያልነካው ፌንጣውን ብቻ ነው።

ደግሞ ዶሪስ ስትበላ ሰፈሩ ጸጥ ማለት አለበት። አንድ ቀን ሣሬን ሳጭድ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ማሽኑን እንዳጠፋ በእጃቸው ለመኑኝ። «እየበላች ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። የእሳቸው ሹክሹክታ ከሣር ማጨጃው ይብሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የዶሪስ የአጎት ልጅ የእኔ አጥር እንጨት ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እዚህ አገር ጺማም እንሽላሊት የማይሰፍርበት አጥር የለም። ያ ወጠምሻ ጉንዳን ሲያገኝ ጉንዳን፣ በረሮ ሲያገኝ በረሮ፣ ሁለቱም ሲጠፉ የጽጌረዳዬን እምቡጥ ይበላል። ካልሲየም የሚባል ነገር በዘሩ ሰምቶ አያውቅም። እሱን ለፊታውራሪ አሳይቼ «ይኸው፣ ማንም ሳይለካለት ኖሯል» ብላቸው፣ «ምስኪን፣ አሳዳጊ የለው» አሉና ዱቄት የተነሰነሰበት ፌንጣ ወረወሩለት።

የገጠር መንገዳችን ደግሞ ወግ አለው። ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ፣ ሰውየውን አወቅከውም አላወቅከውም፣ እጅህ መሪው ላይ እንዳለ አመልካች ጣትህን ብድግ ታደርጋለህ። ያላደረገ የከተማ ሰው ነው፤ ማታ መጠጥ ቤት ይታማል። ዶሪስ በመጣች ሰሞን ታዲያ ፊታውራሪ ፌንጣ ይዘው ቀረብ ሲሉ፣ የፊት እጇን አነሳችና ቀስ አድርጋ በአየር ላይ አዞረችው። ወረንጦው ከእጃቸው ወደቀ።

«አየሽ ግሌኒስ? ሰላም አለችኝ! የመንገድ ልጅ ናት!»

አመልካች ጣታቸውን ብድግ አደረጉላት። ከዚያ ወዲህ ጣታቸውን ሳያነሱ በዚያ ሳጥን አጠገብ አልፈው አያውቁም። እኔ ግን የእንስሳት ሐኪሟን ገበያ አግኝቼ ጠየቅኋት። «ሰላምታ አይደለም» አለችኝ። «ሕፃናቱ ትልቅ ነገር ሲመጣባቸው ነው እንዲያ የሚያደርጉት። ‹ትንሽ ነኝ፣ አትብላኝ› ማለታቸው ነው።» ሰምቼ ዋጥ አደረግሁት። የሽማግሌ ደስታ መንጠቅ ነውር ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ኬሪን ልታገባ ሆነ። ሰርጉ ቅዳሜ አዴላይድ ነው፤ መንገድ ለለመዱት ለእሳቸው አዴላይድ ማለት ለእኔ ዳቦ ቤቱ ማለት ነው። የሙሽሪት አባት ክንዷን ይዘው ሊያስገቧት፣ በልካቸው ሙሉ ልብስ ተሰፍቶ፣ ንግግርም ተጠንቶ አልቋል። ሐሙስ ዕለት ዶሪስ መብላት አቆመች።

ፌንጣ ቢቀርብላት ፊቷን አዞረች። አነስ ያለ ፌንጣ ቢቀርብላት ጀርባዋን ሰጠች። መልኳ ደብዝዞ አመድ መስሏል። ፊታውራሪ ታቅፈዋት ሐኪሟ ዘንድ ሮጡ፤ «ጤነኛ ናት፣ ምክንያቷን ራሷ ታሳይሃለች፣ ጠብቅ» ተብለው ተመለሱ። የተጨነቀን ሰው ጠብቅ ማለት፣ ለተጠማ ውሃ ነገ ይመጣል እንደማለት ነው። ዓርብ ጠዋት ሻንጣቸውን ከመኪናው ሲያወርዱ አየሁና በአጥሩ በር ገባሁ።

«ምን እያደረግክ ነው መርቭ?»

«አልሄድም። እንዳትጨቀጭቂኝ።»

«የልጅህ ሰርግ ነው እኮ!»

«ኬሪን ባል አላት፣ አማች አላት፣ ኬክ አላት። ዶሪስ ማን አላት?»

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። እዚህ ላይ ማዕረጉን ላውልቀውና እንደ ጎረቤት ልንገራችሁ። መርቭ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ኬሪን ስትወለድ ዳርዊን ነበርኩ» አለኝ። «ጥርስ ስታወጣ መንገድ ላይ። ማንኪያ ስትይዝ መንገድ ላይ። ሁሉንም እናቷ ናት ያደረገችው። አንድ ቀን እንኳ በእጄ አብልቻት አላውቅም። በእጄ ሳበላ ይቺ የመጀመሪያዬ ናት ግሌኒስ። ትቻት ሄጄ ብትሞትብኝስ?»

አንጀቴን በላው። ግን አንጀት ተበላ ተብሎ ዝም አይባልም።

«እንግዲያው ኬሪን ስትዳርም የለህማ» አልኩት። «አሁንማ መንገድ ላይ እንኳ አይደለህም፤ ቤትህ ቁጭ ብለህ ነው የምትቀረው።»

ሻንጣውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳ።

«አንቺ ታበዪልኛለሽ?»

«ችግር የለም» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ሄደ። ከመንገዱ ጫፍ ዞሮ ተመልሶ መጣ። «ወረንጦውን ከጎን ነው፣ ከላይ እንዳታመጪባት። ከላይ የመጣ ሁሉ ጭልፊት ይመስላታል።» ሄደ። ደግሞ ተመለሰ። «የሳጥኑ ማሞቂያ አምፖል...» ሲል «መርቭ!» ብዬ ጮህኩበት። እሺ ብሎ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ አደረገልኝና በዚያው ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ኬሪን ደወለች። «የአባዬን ስልክ ቀምቼዋለሁ። ከበላች ደውይ፣ ካልበላች እንዳትደውይ። ዛሬ አባዬ የሚያለቅስ ከሆነ በእኔ ነው የሚያለቅሰው።»

እኔ እንግዲህ ልጆች ያሳደግኩ፣ በትምህርት ቤቱ ምግብ መሸጫ የከተማውን ግማሽ ልጅ የሥጋ ፓይ ያጎረስኩ ሴት ነኝ። ጣት የምታህል ፍጥረት አታሸብረኝም ብዬ ነው የገባሁት። አንድ ፌንጣ አነሳሁ። ወፍራም መሰለኝ። ሌላ አነሳሁ። እግሩ ረዘመብኝ። ያንን የብረት መለኪያ ከመሳቢያ ሳወጣ ራሴን ታዘብኩት፤ ታዝቤም አልተውኩም፣ ለካሁ። ማዶ ያለው ጎረቤት ሣሩን ማጨድ ሲጀምር በመስኮት ብቅ ብዬ «እሽሽ!» አልኩት። በመስታወቱ ውስጥ ራሴን ሳይ ቅንድቤ ነጭ፣ ጆሮዬ ነጭ ነው።

ዶሪስ ወይ ፍንክች። ሰርጉ የሚጀመርበት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። በስተመጨረሻ ተንበርክኬ ልመና ገባሁ፤ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ! አፈር ስሆን ዶሪስ!» እሷ ቅርንጫፏ ላይ ሆና አፍንጫዋን እንጨት ላይ ታሻለች። የአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። የኔው ዱቄት መስሎኝ ልጠርግላት መነጽሬን ሳደርግ፣ ዱቄት አይደለም። ቆዳዋ ነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ፣ ከሥሩ ብርቱካንማ አዲስ ቆዳ ብቅ ብሏል። ልጅት አልታመመችም፤ በሰርጉ ቀን ልብስ እየቀየረች ኖሯል! አሻሸች፣ አሻሸች፣ የራስ ቅሏ ላይ ያለው ልጣጭ እንደ ባርኔጣ ወለቀ። ይኼኔ እጅጌዬ ላይ የተሸሸገ አንድ ያልተለካ ወፍራም ፌንጣ ዘለለ። ዶሪስ ከኔ ቀድማ አየችው፤ ጧ! እግሩ ሳይቀር።

ትን እንዳይላት ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ዋጠችና ሌላ ፍለጋ ዓይኗን አዞረች። ስልኩን በየት በኩል እንዳነሳሁት አላውቅም።

«በላች?» አለች ሙሽሪት፣ ሰላም ሳትለኝ።

«በላች! ቆዳዋን ቀይራ በላች!»

«በላች!» ብላ ስትጮህ የሰርግ ቤቱ ሁሉ «ሆ!» አለ። ማን ምን እንደበላች ያልገባቸው የሙሽራው ዘመዶችም አብረው ጨፈሩ አሉ። ከሁሉም በላይ አንድ ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ቤት ወጥቶ የሄደውን ቃል ነበር የሚጮኸው፤ «ችግር የለም! ችግር የለም!» አባቷ አልቅሶ እንደሆነ ኬሪንን ጠየቅኋት። «ክንዴን ይዞ ሲያስገባኝ አለቀሰ። በወረንጦ የያዘኝ ያህል ተጠንቅቆ ነው የወሰደኝ» አለችኝና እሷም አለቀሰች።

እሑድ መርቭ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ለእኔ ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ መጣና ቀጥ ብሎ ሳጥኑ ጋ ሄደ። ዶሪስ እጇን አነሳች፤ እሱም ጣቱን። ድካሙ ነው መሰለኝ አፌ አመለጠኝ።

«መርቭ፣ ሰላምታ እኮ አይደለም። ‹ትንሽ ነኝ፣ አትብላኝ› ማለቷ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሐኪሟ መጀመሪያውኑ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው የምትመልስላት?»

«አንቺ በዚያች ቆርቆሮ መኪናሽ ከሦስት ተሳቢ ፊት ስትመጪ ጣትሽን የምታነሺው ለምንድን ነው? ናፍቄሽ ነው? ‹ትንሽ ነኝ፣ እንዳትጨፈልቀኝ› እያልሽኝ እኮ ነው! እኔም አየሁሽ፣ ችግር የለም፣ እለፊ እላለሁ። ለሷም ያው ነው።»

ኬኩን ፈትቼ መብላት ጀመርኩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ወራት አለፉ። ዶሪስ አድጋ ክንድ አክላለች። ትናንት ደግሞ የታወቀው ጩኸት መጣ፤ «ግሌኒስ! ችግር አለ!» ይህን ጊዜ ጎማ አልጎተትኩም፤ የራሴን ወረንጦ ይዤ ነው የሮጥኩት። አዎ፣ የራሴን ገዝቻለሁ፤ እናንተን አይመለከትም።

መርቭ ሳጥኑ ፊት ተንበርክኳል። «እጇን ማንሳት ተወች። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችልኝም። ምን በደልኳት?»

«አንተ ሞኝ» አልኩት አጠገቡ እየተንበረከክሁ። «መፍራት ትታለች ማለት ነው እኮ።»

መርቭ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለ። ከዚያ እንደልማዱ አመልካች ጣቱን ብድግ አደረገላት። እኔም ማንም በመስኮት እንደማያየኝ አረጋግጬ የእኔን ብድግ አደረግሁ። ዶሪስ ሁለታችንንም አየት አደረገችንና፣ ምሳዋን መጠበቅ ጀመረች።