ሰው የተተከለበት መናፈሻ

እትዬ ትርንጎ ባለፈው ቅዳሜ ምሳቸውን በልተው ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ጣላቸውና ይህን ሕልም አዩ።

የሰፈራቸው መናፈሻ በር ላይ ቆመዋል። በእውኑ ዓለም መናፈሻው «እድሳት ላይ ነን» ተብሎ በቆርቆሮ ከታጠረ ክረምት አልፎታል፤ እትዬ ትርንጎም በቀዳዳ ከማጮለቅ በቀር መግቢያ አልነበራቸውም። በሕልማቸው ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዛፎቹ ሁሉ ሥሮቻቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ተሰልፈዋል።

«ምን ልትሆኑ ነው የተሰለፋችሁት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሰው ልንተክል ነዋ!» አለቻቸው አንዲት ጽድ። «ዘመቻ ነው። አንቺም ግቢ፤ ጉድጓድሽ ተቆፍሯል።»

እትዬ ትርንጎ አልገረማቸውም። ገቡ። ሜዳው ላይ የሰፈሩ ሰው በሙሉ እስከ ጉልበቱ ተተክሎ ቆሟል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አለ፤ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አለች። አብረዋቸው ያረጁት ጎረቤታቸው ጋሽ ሽኩር በር አጠገብ ተተክለው ቆባቸው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታባቸዋለች።

«ጋሽ ሽኩር፣ እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ውሃ አጠጥተውኛል። ብቻ ትርንጎ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። የደረቅሽ ከመሰላቸው ይነቅሉሻል።»

እትዬ ትርንጎ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው አፈሩን ራሳቸው እግራቸው ላይ መለሱ። አፈሩን ያውቁታል። ድሮ በቀይ ሽብር ዘመን የሰፈሩ ልጆች ተገድለው የተጣሉት እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። እናቶቻቸው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ክረምቱ ሲገባ «ችግኝ ትከሉ» የሚል አዋጅ ወጣ፤ እናቶቹም መፈክር እያሰሙ ወጥተው እያንዳንዷ በልጇ ስም አንድ ችግኝ ተከለች። አንዳቸውም ለባለሥልጣን ትንፍሽ አላሉም። የእትዬ ትርንጎ እናት ለበኩር ልጃቸው ለአምደብርሃን ዝግባ ተከሉለት። ባዶው ሜዳ መናፈሻ የሆነው እንዲያ ነው። እናቶቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ እትዬ ትርንጎ ግን እስኪታጠር ድረስ ዝግባው ሥር እየተቀመጡ የሰፈሩን ወሬ ለወንድማቸው ሲያወሩለት ኖሩ።

አንድ ኮት የለበሰ ረጅም ባሕር ዛፍ ሜትርና ቀይ ቀለም ይዞ መጣ። ሰዉን እየለካ ግንባሩ ላይ የኤክስ ምልክት ያደርጋል። ጋሽ ሽኩር ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄኛው ጎብጧል። እይታ ይከልላል» አለና ቀባቸው።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ እኮ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው!»

«ችግሩ እሱ ነው» አለ ባሕር ዛፉ። «የምንፈልገው ከውጭ የመጣ ነው።»

ወዲያው የጭነት መኪና መጣና የፕላስቲክ ሰዎች አራገፈ። ሁሉም ይስቃሉ፤ ጆሯቸው ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል። «እነዚህ ውሃ አይጠጡም፣ አያረጁም፣ የድሮ ነገርም አያነሱም» ብሎ ባሕር ዛፉ ሲያስተዋውቃቸው ዛፎቹ በቅጠላቸው አጨበጨቡ።

ዝናብ ጀመረ። የእትዬ ትርንጎ እናት ልጅ እግር ሆነው፣ ከልጃቸው በዕድሜ አንሰው፣ ባልዲ ተሸክመው መጡና የልጃቸው ጉልበት ላይ ውሃ አፈሰሱ።

«እማዬ፣ ዝግባው የት ሄደ?»

«ሥራ ይዟል!» አሉ እናታቸው ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «አሁን ይመጣል። ሲመጣ እንዳታሳፍሪኝ።»

መጣም። አምደብርሃን ጢም እንኳ ሳያወጣ፣ እንደተወሰደበት ቀን ሆኖ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ የሞተር መጋዝ በእጁ አንጠልጥሎ ይራመዳል። እትዬ ትርንጎ ከነሽበታቸው እንደ ሕፃን ተንሰፈሰፉ።

«ወንድም ጋሼ!»

«አቤት፣ ትርንጎ።»

«አወቅኸኝ?»

«ከዚያ ሁሉ ወሬሽ በኋላ እንዴት ላላውቅሽ እችላለሁ? ያገባውን፣ የተፋታውን፣ ጣራው የሚያፈሰውን፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። መልስ ስላልሰጠሁሽ አትቀየሚኝ። ያኔ እንጨት ነበርኩ።»

«አሁንስ ምን ልታደርገኝ ነው?»

አምደብርሃን አንገቱን ደፋ። «ዲዛይኑ ላይ የለሽም።»

«ታዲያ አንተ አታስገባኝም? ይህን ሁሉ ዘመን አጠገብህ ቁጭ ብዬ!»

«ለመንኳቸው። ማን ናት አሉኝ፤ እህቴ ናት አልኳቸው። አንተስ ማን ነህ አሉኝ። እዚያ ላይ መልስ አጣሁ፣ ትርንጎ። እዚህ ሜዳ ላይ ስሜ የትም አልተጻፈም።»

እትዬ ትርንጎ «አምደብርሃን ነህ!» ብለው ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ። ቅጠል ወጣ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ቅጠል። ባሕር ዛፉ ከሩቅ «ቶሎ በል፣ እንግዶች ይመጣሉ» እያለ ያጣድፈዋል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላቸው ወንድማቸው። ሞተሩን አስነሳ።

ጨፈኑ፤ ነቁ። በር ይንኳኳል።

ነጠላቸውን ደርበው ሲከፍቱ አንድ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ወጣት ቆሟል፤ ካሜራ የያዘች ልጅ አስከትሏል። ከኋላቸው ጋሽ ሽኩር ፊታቸው ጠቁሮ ቆመዋል። ደጁ ላይ ገና ሙጫው የሚንጠባጠብ ወፍራም የግንድ ጉማጅ ተጋድሟል።

«እንኳን ደስ ያለዎት እማማ!» አለ ወጣቱ። «ከመናፈሻው እድሳት ነው የመጣነው። እዚያ የተነሣው እንጨት ለሰፈሩ አቅመ ደካሞች እንዲታደል ስለተወሰነ፣ ከእርስዎ ጀመርን።»

እትዬ ትርንጎ ጋሽ ሽኩርን አዩዋቸው።

«ዝግባው ነው፣ ትርንጎ» አሉ ጋሽ ሽኩር። «ጠዋት ጣሉት። እኔም አሁን መኪናው ላይ ሲመጣ ነው ያወቅሁት።»

እትዬ ትርንጎ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ቅርፊቱ ላይ አሳረፉ።

«እማማ፣ ወደዚህ ዞር ብለው ትንሽ ፈገግ ይበሉልኝ» አለች ባለ ካሜራዋ።

«እርጥብ ነው ብለው አይስጉ» አለ ወጣቱ። «ከደረቀ አንደኛ ማገዶ ይወጣዋል። የት እናስገባልዎት? ማድ ቤት?»

«አልጋው ላይ» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ወጣቱ ሳቀ። ባለ ካሜራዋም ሳቀች። እትዬ ትርንጎ ግን ወደ ውስጥ ገብተው ነጭ አንሶላ እያነጠፉ ነበር። ጋሽ ሽኩር እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የግንዱን አንድ ጫፍ ያዙ።

«በዚያ በኩል አንሣ» አሉት ወጣቱን። «ቀስ አድርገህ። ራሱ በኩል ነው።»