እርዳታ ለመጠየቅ የተደገሰ ድግስ

የእኛ ሰው ጦሙን ውሎም ቢሆን እንግዳ ፊት ጥርሱን እየፋቀ ይወጣል። ጨዋነት ይሉታል። እኔም እንደዚያው እል ነበር፣ የገርጂው ድግስ እስኪደርስብኝ ድረስ።

በደርግ ዘመን ነው። ገርጂ ያለው ቀበሌያችን፣ ልጆች ወተትና ምሳ የሚያገኙበት መዋዕለ ሕፃናት ነበረው። እኔ ቢሮ፣ ባለቤቴ ፋብሪካ የምንገባው ልጃችን ትርሲት እዚያ ስለምትውል ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ከበላይ አካል ቃል መጣ፦ መንግሥት በጀት አጥሮታል፤ እርዳታ ድርጅት ፈልጉ፣ ካልሆነ ይዘጋል። በየስብሰባው እርዳታ የኢምፔሪያሊስቶች ወጥመድ ነው ሲባል አልነበር? ለካ ወጥመዱ ወተት ካለበት ችግር የለውም።

በስንት ፍለጋ አንድ የውጭ ድርጅት ተገኘ። ችግራችንን አይታ የምትወስን ፈረንጅም ልትመጣ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወዲያው ሰበሰቡን። እንግዳ በባዶ ቤት ይቀበሏል እንዴ? የእኔ ሶፋ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደ፣ የጎረቤት ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የእድሩ ሳህን ወጣ፣ ከየቤቱ ዶሮ ተዋጣ። ልጆቹ የጥምቀት ልብሳቸውን ለበሱ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ፣ ኧረ ጓድ፣ ሴትዮዋ የምትመጣው እኮ ችግር ልታይ ነው ቢሉ፣ ሊቀመንበሩ ገመናችንን ለባዕድ አናሳይም አሉ። እኛም አጨበጨብን። ያኔ ለማጨብጨብ ማን ብሎን።

ፈረንጇ በላች። በሞቴ እየተባለች ከጠገበች በኋላም ጎረሰች። ከዚያ ሶፋዬን ዳበሰችና በተሰባበረ አማርኛ፣ እናንተ ደህና ናችሁ፣ ከእናንተ የባሰበት አለ ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ባለቤቴ ሥራዋን ለቅቃ ልጅ ልትጠብቅ፣ በእኔ ደመወዝ ብቻ ልንኖር እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ።

ደግነቱ ሴትዮዋ ጃንጥላዋን ረስታ ኖሮ ከኦሎምፒያ ሰፈር ተመለሰች። እኔና ባለቤቴ ሶፋችንን ተሸክመን ስንወጣ በሩ ላይ ገጠምናት። ከኋላችን ምንጣፉን የጠቀለለው ጎረቤት፣ ከእሱ ኋላ የእድሩ ሳህን። ሊቀመንበሩ ጽዳት ላይ ነን ለማለት ሞከሩ። ወይዘሮ አስካለ ግን እጇን ይዘው አስገቧትና ልጆቹ የሚተኙበትን ባዶ ሲሚንቶ፣ ቀጥለውም ባዶውን የወተት ጣሳ አሳዩዋት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች።

በሳምንቱ ወተቱ መጣ። ባለቤቴ ፋብሪካዋ ስትገባ እፎይ ብዬ ከኋላዋ ቆሜ አየኋት።

ሊቀመንበሩ ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ለምስጋና ግብዣ እናድርግላት። ጥሪው ደረሳት፤ መልሷም መጣ። እመጣለሁ፣ ግን ምሳዬን በልቼ፣ ወንበሬንም ይዤ ነው።