ቲዩፍ የሌላት ጀልባ

ፍራንክፈርት ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሐበሻ ሁሉ ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ገንዘቡንና ወይዘሮ የወርቅውሃን። ገንዘቡን የረሳ ተመልሶ ያመጣል፤ እሳቸውን የረሳ ግን ዕድሜ ልኩን ሲቆጭ ይኖራል።

ክብርት ወይዘሮ ማቀዝቀዣ ሲመረምሩ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ያሸታሉ። ሶፋ ከሆነ ይተኙበታል፤ አንዴ ሮደልሃይም ሰፈር በሰው ሳሎን እንቅልፍ ወስዷቸው ባለቤቶቹ በሹክሹክታ ሲያወሩ አመሹ። መኪና ከሆነ ደግሞ ገና በሩ ሳይከፈት «ቲዩፍ አላት?» ይላሉ፤ የቴክኒክ ምርመራ አልፋለች ወይ ማለታቸው ነው። ይህቺ ጥያቄ ቀስ በቀስ ለልብስ ማጠቢያም፣ ለሕፃን ጋሪም፣ በመጨረሻም ለልጃቸው እጮኛ ዋለች።

ታዲያ ባለቤታቸው አቶ ኪዳነወልድ፣ የቀድሞው የባሕር ኃይል ሰው፣ የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ልግዛ ብለው ሲነሱ ልባቸው ፈራ። ሚስታቸው ማይን ወንዝን እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሻገሩት። ስለ ምጽዋ ባሕር ባወሩላቸው ቁጥር መልሳቸው «ባሕሩን ለዓሣው ተውለት» ነበር። ዛሬም «ይቅርብን» ካሉ፣ ቤተሰቡን አሳፍሮ ሰሜን ባሕር መውጣት ሕልም ሆኖ መቅረቱ ነው።

ኡንተርሊደርባህ ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብሎ፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ ሁለት ጀልባዎች ተጎታች ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። አንዷ ነጭ፣ ሹል፣ ባለ ሁለት ሞተር ናት፤ አቶ ኪዳነወልድ ገና ሲያዩዋት ወጣትነታቸው ተመለሰ። ሌላዋ ሰማያዊ፣ ቀርፋፋ፣ በሁሉም ትርጉሙ ሆደ ሰፊ ናት።

«ቲዩፍ አላቸው?» አሉ ወይዘሮ።

ጀርመናዊው ሻጭ ሳቀ። «ጀልባ ቲዩፍ የለውም።»

«እንግዲያው ቲዩፉ እኔ ነኝ!»

ልጃቸውን ሰብለወንጌልንና የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ነጯ ላይ ወጡ። ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱና ከኋላ ያሉትን ሊያጎርሱ ዞሩ። እጃቸው አልደረሰም።

«ይቺ አውቶቡስ ናት፤ አንዱ የሌላውን ማጅራት እያየ!»

«ፈጣን እኮ ናት» አሉ ባል።

«ወዴት ነው የምትቸኩለው? ጡረተኛ አይደለህም? ደግሞ ጠርዟን እይ፣ የልጁ ጉልበት ላይ ነው። ዱርሽገፋለን!» ወድቃለች ማለት ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ሰማያዊዋ ላይ አግዳሚዎቹ ፊት ለፊት ናቸው፤ ጠርዟም የትንሹ ልጅ ደረት ድረስ ይደርሳል። ጉርሻው ለሁሉም ተዳረሰ። «ኦማ፣ ራይሽት!» አለች የልጅ ልጃቸው፣ አፏ ሞልቶ፣ አያቴ በቃኝ ስትል። ሻጩም ሳይቀር ጎረሰ።

አቶ ኪዳነወልድ ነጯን በዓይናቸው ተሰናበቱ። ሰማያዊዋ ለማዕበል እንደምትሻል እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ጉራቸው ነው ያስጨነቃቸው። አሁን የቀራቸው «ይቅርብን»ን መጠበቅ ነው።

«ኪዳኔ፣ የኔ ቦታ የቱ ነው?»

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያልሰሙት ጥያቄ ነበር። «አንቺም ትመጫለሽ?»

«ታዲያ አንተ መሪ ጨብጠህ ማን ሊያጎርስህ ነው?»

አቶ ኪዳነወልድ ከመሪው አጠገብ ያለውን መቀመጫ በመዳፋቸው ጠረጉላቸውና፣ እንደ ድሮው ደረታቸውን ነፍተው ወደ ሻጩ ዞሩ።

«ይቺን እንወስዳለን፤ ቲዩፍ አላት።»

«የት አለ?» ቢላቸው፣ በኩራት ሚስታቸውን አሳዩት።